የማኒፎልድ ሙቀት ቀለም ባህር ዳር ላይ፦ ስልቨሩ፣ ቪኤችቲው፣ ፋሻውና ሴራሚኩ

ሰሞኑን ዲኤክስ (አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ) ያላቸው ልጆች ሁሉ ሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ማኒፎልዱን (ከሞተሩ ጭሱን ሰብስቦ ሚያወጣውን ብረት) ምን ልቀባው። ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ ሞተሩ ታጥቧል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተወልውሏል፣ ሁሉ ነገር አምሮበት መሃል ላይ ያ ቀይ ዝገት የለበሰ ብረት ተጋድሟል፣ ያናድዳል እውነት ነው። በዛ ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ፣ ብሩም የሆነውን ከሆነ በኋላ፣ አሮጌ መኪናውን ሚሸጥ ሰው የለም ሁሉም ያለውን ነው ሚያድሰው። ስለዚ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማወራ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

የኔ ዲኤክስ ባለ ፎር ኬ ሞተር ናት፣ ማኒፎልዷም ከፋብሪካ የመጣው ከባዱ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ብረት ነው። ሌላ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ትርፍ ማኒፎልድ ደግሞ ቤት ነበረኝ፣ ሙከራውን መጀመሪያ ያደረግኩት እሱ ላይ ነው። የሄደሩን (በማኒፎልዱ ፋንታ ሚገጠመውን የቱቦ ጭስ ማውጫ) ጉዳይ ያየሁት ጓደኛዬ ጋ ነው፣ ኮሮላው ላይ አራት ቱቦ በብየዳ አሰርቶ ገጥሟል፣ አባይ ማዶ ሲያስነሳው ጊዮርጊስ ይሰማል (እሺ ትንሽ አጋነንኩ)።

ከቀለሞቹ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ቀለም ምትፈልጉት ዝገት እንዳይበላው ነው ወይስ ኮፈን ስር ያለው ሙቀት እንዲቀንስ? ሁለቱ አይገናኙም፣ ሻጩ ግን አንዱን ጣሳ አንስቶ ለሁለቱም ይሸጥላችኋል። በስፕሬይ ሚነፋ ቀለም ደርቆ ሲለካ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አስረኛ እንኳን አይሞላም፣ በዛ ውፍረት ምንም ሙቀት አታግዱም፣ ብረቱ 400 ዲግሪ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ቀለምም 400 ዲግሪ ነው። ስፕሬይ ቀለም ለዝገት ነው፣ አበቃ። ትንሽ ልዩነት ሚያመጣው ከለሩ ነው፣ ጥቁር ቀለም ሙቀቱን ወደ አካባቢው አብዝቶ ይረጫል፣ አሉሚኒየም ያለበት ስልቨር ደግሞ ከጥቁሩ ያነሰ ነው ሚረጨው። ለኔ ይሄ ትርጉም አለው ምክንያቱም ፎር ኬ ላይ ካርቡሬተሩና ጭስ ማውጫው በአንድ በኩል ናቸው፣ ካርቡሬተሩ እሳት ላይ እንደተጣደ ማለት ነው። ቀን በጸሃይ ተነድታ ቆማ ከሩብ ሰዓት በኋላ አልነሳም ምትለው ዲኤክስ ሁሉ ታሪኩ እዚህ ጋ ነው፣ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይፈላል። ከፍታችንም አያግዘንም፣ ጣና ዳር 1800 ሜትር ግድም ላይ ነን፣ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው፣ ቤንዚንም እንደዛው ከቆላው ቀድሞ ይፈላል።

ስለ ሙቀቱ መጠን ደግሞ በአጭሩ። ቤንዚን ሞተር ተጨንቆ ሲሰራ ከሲሊንደር ሚወጣው ጭስ ከ800 ዲግሪ ያልፋል፣ ናፍጣ በአብዛኛው ከዛ ይቀዘቅዛል። ብረቱ በውጭ በኩል አየር ስለሚያገኘው ከጭሱ በደንብ ያንሳል። ከተማ ውስጥ ከፔዳ ጊዮርጊስ እየተንሸራሸራችሁ ከሆነ ማኒፎልዱ ብዙም አይጨነቅም፣ ሰው ሞልታችሁ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ግን ሌላ ነው፣ ከ1800 ተነስታችሁ ወደ 2700 ሜትር ነው ምትወጡት፣ ጋዙ ከመሬት አይነሳም። ማታ ላይ ቆማችሁ ኮፈን ስትከፍቱ ብረቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ከታያችሁ ከ500 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው፣ መሳሪያ አያስፈልግም አይን ይበቃል። በሌዘር እያነጣጠሩ ሚለኩበትን ቴርሞሜትር የያዛችሁ ልጆች ደግሞ፣ ርካሾቹ 380 ወይ 550 ዲግሪ ላይ ያቆማሉ፣ ሚያብረቀርቅ ብረትና ስልቨር ቀለም ላይ ደግሞ ከእውነቱ ዝቅ አድርገው ነው ሚያነቡት፣ ስለዚ "ስልቨር ቀብቼ 100 ዲግሪ ቀነሰልኝ" የሚል ሰው ስታገኙ ቴርሞሜትሩ ነው የቀነሰለት።

እንግዲህ ወደ ጣሳዎቹ።

ባህር ዳር መለዋወጫ ቤትም ቀለም ቤትም በቀላሉ ሚገኘው 600 ዲግሪ የሚል የተጻፈበት ስልቨር ስፕሬይ ነው። ብራንዱን አልጠራም፣ ጣሳው በመጣ ቁጥር ስሙ ይቀያየራል ውስጡ ግን ያው ነው፣ የአሉሚኒየም ዱቄት በሲሊኮን ሙጫ። ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ውሸታም ያሰኘኛል፣ ብቻ ከአራቱ ርካሹ እሱ ነው በብዙ ርቀት። እና ሰው እንደሚያማው መጥፎ አይደለም! ትርፉን ማኒፎልድ ሆን ብዬ ለሁለት ከፈልኩት፣ ግማሹን ሽቦ ብሩሽ ብቻ አስነክቼ ልክ እንደ ብዙ ጋራዥ ቀባሁት፣ ሌላውን ግማሽ ብረቱ ነጭ እስኪሆን አጽድቼ ቀባሁት፣ ያው ጣሳ፣ ያው ቀን። ከዛ መኪናዋ ላይ አስሬ ነዳሁት። ብሩሽ ብቻ የነካው ጎን ገና ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ጀምሮ እየፈነዳ እየተላጠ ከስሩ ዝገቱ ይዞት ተነሳ፣ የጸዳው ጎን ግን ክረምቱን አለፈ፣ ቴስታታው ጋ ሚገናኝበት በጣም ሚግለው ቦታ ላይ ብቻ ወዙ ጠፍቶ አመድማ ሆነ እንጂ አልተላጠም። ያው ቀለም እኮ ነው።

አንድ ቀን ጋራዥ ተቀምጬ አንድ ባለ ሚኒባስ ጣሳውን ይዞ እየተቆጣ መጣ፣ መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው ሁላችንም ጋሼ ነው ምንላቸው።

"ጋሼ ይሄ ነገር ፎርጅድ ነው መሰለኝ፣ ሳይሰነብት ተላጠ እኮ!"

"ምኑ ላይ ነው የቀባኸው ልጄ?"

"ማኒፎልዱ ላይ ነዋ፣ ሌላ ምን ላይ እቀባለሁ"

"ማኒፎልዱ ላይ ነው ዝገቱ ላይ?"

ልጁ ዝም አለ፣ እሳቸው ወደ ስራቸው።

ጣሳው ላይ ስላለው ቁጥር አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ሰው ሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አሉሚኒየም ራሱ ሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው። ስልቨር ሆኖ 1200 ዲግሪ ይችላል የሚል ጣሳ ካያችሁ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ፊደል አንብቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋራናይት ነው፣ 1200 ፋራናይት ደግሞ 650 ሴንቲግሬድ ነው፣ ማለትም 600 ከሚለው ከርካሹ ጣሳ ጋር ጎረቤት ነው። ሻጩ "ይሄኛው እጥፍ ይችላል" ብሎ እጥፍ ዋጋ ሲጠራባችሁ ልዩነቱ የፊደሏ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሞተር ቀለም ተብሎ ሚሸጠው ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ለሞተር አካል ነው፣ 260 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃለታል፣ ማኒፎልድ ላይ ተቃጥሎ ጭሱ ጋቢና ይገባል።

ቪኤችቲ፣ የውጭ ሙቀት ቻይ ቀለም ብራንድ ነው። ፍሌምፕሩፍ ሚባለውን ነው ምላችሁ፣ ቪኤችቲ ብዙ አይነት ጣሳ አለው ተጠንቀቁ የሞተሩም የፍሬን ካሊፐሩም ቀለም አለ። ፍሌምፕሩፉ ላይ ከ1300 እስከ 2000 ፋራናይት ይላል፣ በኛ ከ704 እስከ 1093 ዲግሪ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው የተገዛልኝ። በነገራችን ላይ "አሜሪካ ያለው ዘመዴ ይዞልኝ ይምጣ" ለምትሉ፣ ስፕሬይ ቀለም አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፣ በእጅም በሻንጣም፣ ሚቀጣጠል ጋዝ ስላለበት። ቲነር ያለበት በብሩሽ ሚቀባውም እንደዛው። ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቁት፣ በኮንቴይነር የመጣውን ነው መፈለግ።

የዲኤክሷን የራሷን ማኒፎልድ አውርጄ ነው የቀባሁት፣ ፍላት (ማያብረቀርቀውን) ስልቨሩን፣ ጥቁሩን ያልመረጥኩበትን ምክንያት ላይ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ጣሳ 312 ግራም ነው ለአንድ ማኒፎልድ ይተርፋል። እና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘባችሁ ሚተርፈውም ሚቃጠለውም ጣሳውን ስትመርጡ ሳይሆን እዚህ ነው።

ማጽዳት። ሳንድ ብላስት (አሸዋ በግፊት እየረጨ ሚጠርግ) ሚሰራ ቤት ካገኛችሁ ሌላ ነገር አታስቡ ስጡት፣ ብረቱን ሻካራ ስለሚያደርገው ቀለሙ ሚይዘው ነገር ያገኛል። ካላገኛችሁ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥማችሁ (መነጽር አድርጉ እባካችሁ፣ ሽቦዋ ትበራለች)፣ ከዛ በወፍራም ብርጭቆ ወረቀት 80 ቁጥር። ጥጋጥጉ ውስጥ ያለውን ዝገት ኮምጣጤ ውስጥ አሳድራችሁ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ከዛ ወዲያው አጥቦ በእሳት ዳር ማድረቅ ነው፣ ካልሆነ እያያችሁት እንደገና ይዝጋል። ዝገት ቀያሪ ተብሎ ሚሸጠውን ፈሳሽ ማኒፎልድ ላይ አታድርጉ፣ አብዛኛው ሙቀት አይችልም፣ እሱ ሲቃጠል ላዩ ላይ ያለውን ቀለም ይዞት ይነሳል። ስቱኮም እንደዛው፣ ተራ ፕራይመርም እንደዛው። ፕራይመር ካስፈለጋችሁ የራሱ የፍሌምፕሩፍ ፕራይመር አለ፣ እኔ ያለሱ ነው የቀባሁት።

ከጸዳ በኋላ በአሴቶን ወይ በጥሩ ቲነር መወልወል፣ ደግሞ መወልወል፣ ከዛ በባዶ እጅ አለመንካት። የጣት ወዝ እኮ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ሲግል የጣታችሁ አሻራ እዛው ላይ ወጥቶ ይታያል። ቀኑንም ምረጡ፣ ክረምት ጠዋት ጣና ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ብረቱ ላይ ጤዛ ይቀመጣል፣ እኔ ቀትር ላይ ጸሃይ ላይ አሙቄ ነው የነፋሁት። ቀጭን፣ አስር ደቂቃ፣ ቀጭን፣ አስር ደቂቃ፣ ከዛ ሸፈን ሚያደርግ አንድ ዙር። ወፍራም አድርጎ አንዴ መገላገል የሚወድ ሰው አለ፣ ያ ሲሞቅ ፊኛ ያወጣል።

አሁን ሰው ሁሉ ሚዘለው ነገር፣ ማብሰሉ። ይሄ ቀለም በአየር ሲደርቅ የደረቀ ይመስላል እንጂ አልደረቀም፣ በጥፍር ይነሳል፣ ቤንዚን ጠብ ቢልበት ይታጠባል። ሚጠነክረው በሙቀት ነው ያውም በደረጃ። ጣሳው ላይ የምድጃው አሰራር እንዲህ ነው፣ 121 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ፣ 204 ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ማቀዝቀዝ፣ 316 ላይ ግማሽ ሰዓት። ምድጃ ከየት ይመጣል? የእንጀራ ምጣድ ላይ ላብስለው ያለኝ ልጅ አለ፣ በናትህ በለው፣ ሙቀቱም እዛ አይደርስም ጭሱም መርዝ ነው፣ ምግብ ሚሰራበት ነገር አጠገብ አይድረስ። ለኛ ሚሆነው መኪናው ላይ አስሮ ሞተሩን አስነስቶ ነው፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) አስር ደቂቃ፣ አጥፍቶ ሃያ ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ደግሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት። ደጅ ላይ አድርጉት፣ ይጨሳል ይሸታል፣ ጎረቤት "መኪናህ ተቃጠለች" ብሎ ይመጣል። ከጋራዥ አውጥቶ ቀጥታ ሰው ጭኖ ወደ ጎንደር መንገድ ሚነዳ ሰው ግን ያ ሙጫ በደረጃ ሳይሆን ባንዴ ይጠበስበታል፣ ከዛ ቪኤችቲ አይረባም ይላል። ርካሹ ስልቨርም ማብሰል ያስፈልገዋል፣ ጣሳው ላይ በትንሹ ጽፈውት ማንም አያነበውም እንጂ።

ውጤቱ? የደብረ ታቦርን ዳገት ደጋግሞ ወጥቷል፣ አልተላጠም፣ አፉ (ቴስታታው ጋ ሚገናኝበት) አካባቢም ስልቨሩ እንዳለ ነው። ማልወድለት ነገር ፍላት ስለሆነ ዘይት ይጠጣል፣ ፎር ኬ ከላይ ከክዳኑ ጋስኬት ትንሽ ዘይት ማንጠባጠብ ልማዱ ነው፣ የወደቀበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል አይለቅም። ለአይን ብቻ ምትቀቡ ከሆነ መጀመሪያ ጋስኬቱን ቀይሩ። ከርካሹ ጋር ሳወዳድረው ደግሞ በእውነት ልናገር፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትነዳ ዲኤክስ በደንብ የጸዳው ግማሽ ላይ ያለው ርካሽ ስልቨር ከቪኤችቲው ብዙም አላነሰም። ቪኤችቲው ልዩነቱን ያሳየው ሚግለው አፍ ላይ ነው። ለሄደር ግን ቪኤችቲ ነው ምለው፣ ቀጭን ቱቦ ከጊዛ ይልቅ ቶሎና አብዝቶ ይግላል።

ሄደር ካነሳን፣ ጓደኛዬ ጋ የሆነውን ስሙ። በያጁ ቱቦውን ያመጣው ከውሃ መስመር ነው፣ ጋልቫናይዝድ። ጥሩ ቀለም ተቀባ፣ በስርአቱ በሰለ፣ ከዛ እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈ። ጋልቫናይዝድ ላዩ ዚንክ ነው፣ ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከስሩ ሚቀልጥ ነገር ላይ ምን ቀለም ይቆማል? ሲበየድ ሚወጣው ነጭ ጭስ ደግሞ በያጁን ራሱን ማታ ብርድ ብርድ አስብሎ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይሄ ሚታወቅ ነገር ነው። ሄደር ምታሰሩ ጥቁሩን ቱቦ በሉ። ስቴንለስ ካገኛችሁ ደግሞ አትቀቡት በቃ፣ ሲግል ወርቅማ ከዛ ሰማያዊ ይሆናል፣ እኔ ከማንኛውም ቀለም እሱን ነው ምወደው።

ፋሻው። ቱቦው ላይ እየተጠመጠመ ሚታሰረው ማለቴ ነው። ይሄ ከቀለም በተለየ ሙቀቱን እውነት ያግዳል፣ በፋይበርግላስ ሚሰራው አለ፣ ቲታኒየም ተብሎ ሚሸጠው አለ፣ ሁለተኛው ስሙ ነው እንጂ ቲታኒየም የለውም፣ ከቀለጠ ባዛልት ድንጋይ የተፈተለ ክር ነው (ባዛልትማ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ጭስ አባይ ራሱ ባዛልት ላይ ነው ሚወርደው፣ ሚፈትለው ጠፋ እንጂ)። ሻንጣ ውስጥም ያልፋል፣ ዘመዳችሁን እሱን አስይዙት። ሲጠመጠም እርጥብ ማድረግ፣ ጓንት ማድረግ፣ በስቴንለስ ማሰሪያ መጨረስ፣ ፕላስቲክ ማሰሪያ ያደረገ ሰው አይቻለሁ ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ግን እዚህ አገር እኔ አልመክረውም፣ ለምን፣ ክረምታችን። መንገዱ ውሃ ነው፣ ፋሻው ውሃ ይጠጣል፣ መኪናው ደግሞ ሁለት ሰፈር ሄዶ ይቆማል፣ ውሃው ሳይደርቅ ብረቱ ላይ እንደተጠቀለለ ያድራል። ተራ ብረት የሆነ ቱቦ ከስሩ ማንም ሳያየው ተበልቶ ያልቃል። ዘይት ከጠጣ ደግሞ እሳት ነው። የጊዛ ማኒፎልድ ላይማ ጭራሽ፣ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ብረቱ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስቴንለስ ሄደር ያለውና ብዙ ሚነዳ ሰው ይጠምጥም፣ ሌላው ይተወው። አንድ ሌላ ነገር፣ አሮጌ ነጭ የአስቤስቶስ ጨርቅ ወይ ገመድ "ይሄ ከሁሉ ይበልጣል" ብሎ ሚያወጣላችሁ ሰው ካለ እውነቱን ነው ሙቀት ይችላል፣ ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። አትንኩት፣ አትቅደዱት።

ሴራሚኩን ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም እዚህ ሚሰራው ሰው አላገኘሁም። ውጭ አገር ሄደሩን ልከህ በሳንድ ብላስት ተጠርጎ ከውስጥም ከውጭም ተለብጦ በምድጃ በስሎ ይመለስልሃል፣ ጄት ሆት ምናምን ሚባሉት ስራቸው ይሄ ነው። ሴራኮት ደግሞ ያለ ምድጃ በአየር ሚደርቅ አይነት አለው፣ ሲ ሲሪስ ሚሉት፣ እስከ 982 ዲግሪ ሚችል ጥቁር አለው፣ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር አምስት ቀን ይፈልጋል፣ እንደ ስፕሬይ ጣሳ ሳይሆን በቀለም መርጫ ሽጉጥ ነው ሚነፋው። የመኪና ቀለም ቀቢ ያለው ኮምፕሬሰርና ሽጉጥ ይበቃዋል፣ ስለዚ አንድ ሰው ቢጀምረው እዚህም ሚሰራ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ያለው ዚርኮኒያ በፕላዝማ ሚረጨው ነው፣ እሱ እውነት ሙቀት ያግዳል ግን የውድድር መኪና ነገር ነው፣ ዲኤክስ ላይ እሱን ማድረግ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሊፎካከር ነው።

ታዲያ ሙቀቱ ነው ያስቸገረኝ፣ ዝገቱ ግድ የለኝም ለምትሉ ምንም ቀለም አትግዙ። ማኒፎልዱ ላይ የነበረው የላሜራ ጋሻ የት ሄደ? እዚህ ከተማ ካየኋቸው ዲኤክሶች ግማሾቹ ላይ የለም፣ አንዱ መካኒክ ሲፈታ ቡሎኑ ዝጎ ተሰበረበት፣ ሚያንኳኳ ነገር ነው ብሎ ጣለው፣ በቃ። በላሜራውና በማኒፎልዱ መሃል ያለችው ትንሽ አየር ከየትኛውም ጣሳ በላይ ትሰራለች። ማንኛውም ላሜራ ሰራተኛ ቆርጦ ይሰራዋል፣ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ክፍተት ይተው፣ ብረቱን እንዳይነካ። ካርቡሬተሩ ስር ያለችውን ወፍራም ጥቁር ኢንሱሌተርም (ሙቀት ከልካይ) እዩዋት፣ ተሰንጥቃ በጋስኬት ብቻ የተተካባት መኪና ሞልቷል፣ ያቺ ከሌለች ካርቡሬተሩ ቀጥታ ሙቀቱን ይጠጣል።

ጋሻውም ኢንሱሌተሩም ኖሮ ማኒፎልዱ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ታይሚንጉን (ሻማው እሳት ሚጭርበትን ሰዓት) አሳዩ። እሳቱ ዘግይቶ ከተነሳ ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ መቃጠሉን ሳይጨርስ ማኒፎልድ ውስጥ ይጨርሳል። እኛ ጋ ደግሞ አየሩ ከባህር ጠለል ወደ 16 በመቶ ይሳሳል፣ ለቆላ የተስተካከለ ታይሚንግ እዚህ የዘገየ ነው ሚሆነው፣ ትንሽ ቀደም ማድረግ ይፈልጋል። ጥሩ ቀለም አፉ ላይ ብቻ ደጋግሞ ከተቃጠለ ጣሳውን ከመሳደብ ታይሚንጉ ሚስተካከልበት ዲስትሪቢውተር ጋ መሄድ።

ላቫጆ ላይም ተጠንቀቁ። ረጅም መንገድ መጥቶ ቀጥታ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማሳጠብ ልማድ ሆኗል፣ በ300 ዲግሪ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት ሲለቀቅ ቀለሙም ይላጣል ጊዛውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሻይ ጠጡ፣ ይቀዝቅዝ። ውሃው ራሱ ግን አያስፈራም፣ የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ ባህር ዳርቻ ያለ አገር እንደሚዝገው እኛ ጋ አይዝግም።

ባለ ዶልፊኖች፣ ሞተሩ ከወንበራችሁ ስር ስለሆነ ጋቢናው ሲጋገር ቀለም ሚያድናችሁ ይመስላችኋል፣ አያድናችሁም። ናፍጣ ስለሆነ ርካሹ ስልቨር ለዝገቱ ከበቂ በላይ ነው፣ ለእግራችሁ ግን የሞተር ክዳኑ ስር የነበረውን ምንጣፍና ዙሪያውን ያለውን ጎማ አስተካክሉ። ባለ ባጃጆች ደግሞ ቱቦዋ አጭር ናት፣ አንድ ጣሳ ስልቨር ለሁለት ለሶስት ሰው ይበቃልና ተዋጥታችሁ ግዙ፣ ቀለሙን ስትነፉ ግን ማርሚታው ጫፍ ላይ ያለችውን ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በቴፕ ሸፍኗት፣ ስትጨርሱ ቴፑን ማንሳት እንዳትረሱ።